ሳይጠየቅ የሚሸጥ ዕቃ፦ የኮንዶም አመራረጥና አጠቃቀም ዳሰሳ

በአዲስ አበባ ሰፈሮች ኮንዶም የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ ከመሸ በኋላ ነው። ገዢው ሱቁ ጭር እስኪል የሞባይል ካርድ የሚገዛ መስሎ ዳር ይቆማል። ሰው ሲቀንስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የኮንዶሙን ስም ይጠራል፤ አንዳንዱ ስሙንም አይጠራም፣ በአገጩ ወደ መደርደሪያው ይጠቁማል። ባለሱቁ ፊቱን ሳያይ ያወርድለታል፤ መልሱ ሳይቆጠር ኪስ ይገባል። አትክልት ተራ ላይ አንድ ኪሎ ቲማቲም ለመግዛት እያገላበጠ የሚመርጥ ሰው እዚህ ሲደርስ ቀን አያይም፣ ልክ አይጠይቅም፣ ዕቃው የት ተቀምጦ እንደከረመ አይመረምርም። ገዢዋ ሴት ከሆነች ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ብዙዎቹ ጭራሽ አይገዙም።

ይህ ዳሰሳ የሚነሳው ከዚያች አጭር ደቂቃ ነው። ኮንዶም “አልሠራም”፣ “ተቀደደ”፣ “ወለቀ” የተባለበት ታሪክ ሁሉ ወደ ኋላ ተጎትቶ ሲታይ ጎማው ራሱ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ብዙውን ጊዜ ችግሩ ያለው ሊጠየቅ ሲገባው ሳይጠየቅ የታለፈ ነገር ላይ ነው፦ ለባለሱቁ ያልቀረበ ጥያቄ፣ ለፋርማሲስቷ ያልተነገረ ጉዳይ፣ ለፍቅረኛ ያልተነሳ ወሬ።

ዝምታው ከየት መጣ? ኤች.አይ.ቪ ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩ የታወቀው በ1976 ዓ.ም. ሲሆን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተለዩት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ዲኬቲ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት በ1990 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀምሮ “ሕይወት ትረስት” የተባለውን ኮንዶም በድጎማ ዋጋ ከመድኃኒት ቤት አውጥቶ ወደ ሱቅ፣ ወደ መጠጥ ቤትና ወደ ሆቴል እንግዳ መቀበያ አወረደው። “ሴንሴሽን” የተባለው ወንድሙ ተከተለው። በዚያ ዘመን በየግድግዳውና በየትምህርት ቤቱ የሚታወቀው መፈክር ሦስቱ መ-ዎች ነበሩ፦ መታቀብ፣ መወሰን፣ መጠቀም። መፈክሩ ብዙ ሕይወት እንዳተረፈ አልጠራጠርም። ቅደም ተከተሉ ግን አንድ ጠባሳ ጥሎ አለፈ እላለሁ። መታቀብ ያቃተው ይወሰን፤ መወሰንም ያቃተው ይጠቀም ሲባል፣ ሦስተኛው መ የተሸናፊ ሰው ምልክት ሆነ። ኮንዶም የሚገዛ ሰው ከሁለቱ ፈተናዎች የወደቀ መሆኑን ለባለሱቁ እየተናዘዘ ይመስለዋል። ሹክሹክታው ከዚያ የመጣ ነው።

ድርጅቱ ይህን ዝምታ በቀልድ ለመስበር የሞከረበትም ጊዜ ነበር። 2000 ዓ.ም. ሲብት ግድም የቡና ጣዕምና ሽታ ያለው ኮንዶም ገበያ ላይ አውጥቶ የዓለም ጋዜጦች ሳይቀሩ ዘግበውለታል። መነሻው የላቴክስ ሽታ ደስ አይልም የሚል የተጠቃሚዎች ቅሬታ ነበር። አንዳንዶች ቡናችን ተዋረደ ብለው ተቆጡ፤ ሌሎች ሳቁ። የሳቁት ቢያንስ ስለ ኮንዶም በቀን ብርሃን አወሩ።

ዛሬ ያ ሁሉ ጫጫታ ረግቧል። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ አዋቂዎች ድርሻ በአገር አቀፍ ደረጃ 0.9 በመቶ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ በዚያው ጥናት ግን አዲስ አበባ 3.4፣ ጋምቤላ 4.8 በመቶ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በከተሞች ላይ ብቻ ያተኮረ ጥናትም 3 በመቶ አግኝቷል። የማስታወቂያ ሰሌዳዎቹን ሳያይ፣ የሬዲዮ ድራማዎቹን ሳይሰማ፣ ለለቅሶ የሚተከለውን የድንኳን ብዛት ሳይቆጥር ያደገ ትውልድ አሁን ሃያዎቹ ውስጥ ገብቷል። ይህ ትውልድ ኮንዶምን በስም ያውቀዋል። አጠቃቀሙን የተማረው ግን፣ ተምሮ ከሆነ፣ ከጓደኛውና ከስልኩ ነው።

ኮንዶም ምን ያህል ይከላከላል የሚለው ጥያቄ ላይ ሁለት ጽንፍ ይሰማል፤ አንዱ መቶ በመቶ ይላል፣ ሌላው ቫይረሱ በጎማው ቀዳዳ ያልፋል ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ያልተበላሸ የላቴክስ ኮንዶም ኤች.አይ.ቪን አያሳልፍም። አንዱ ቫይረሱ ያለበት፣ ሌላው የሌለበት ጥንዶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ፣ ሁልጊዜ መጠቀም የመተላለፍን ዕድል 80 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቀሪው 20 በጥናት ላይ “ሁልጊዜ” የሚለው ሰው ሁልጊዜ በትክክል አለመጠቀሙንም የሚጨምር ነው። በእርግዝና በኩል ልዩነቱ ይበልጥ ይታያል። አንዲት ሴት ከባልደረባዋ ጋር ለአንድ ዓመት ኮንዶምን ሳያዛንፉ በትክክል ቢጠቀሙ የማርገዝ ዕድሏ 2 በመቶ ነው። ሰው በተለምዶ እንደሚጠቀመው፣ አንዴ እየረሳ፣ አንዴ እየዘገየ ሲሆን ደግሞ 13 በመቶ ይደርሳል። በ2 እና በ13 መካከል ያለው ርቀት በሙሉ የአጠቃቀም ርቀት ነው፤ ጎማው በሁለቱም ላይ ያው ነው።

ደካማ ጎኑም ይነገር። ጨብጥና ክላሚዲያን በደንብ ይከላከላል። ቂጥኝ፣ ኸርፒስና የማኅፀን በር ካንሰርን የሚያስከትለው ኤች.ፒ.ቪ ግን በቆዳ ንክኪ ስለሚተላለፉ ኮንዶሙ ከማይሸፍነው አካባቢ ሊሻገሩ ይችላሉ። ዕድሉን ይቀንሳል እንጂ አይዘጋውም። ለኤች.ፒ.ቪ ክትባት አለው፤ ኢትዮጵያም በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀምራለች።

ቀጥሎ የሚነሳው ጥራት ነው። አንድ ፋብሪካ የሚያወጣው ኮንዶም በኤሌክትሪክ አማካይነት እያንዳንዱ ለቀዳዳ ይፈተሻል። ከዚያም ከየምርት ዙሩ ናሙና ተወስዶ በውኃ ይሞላል፣ በአየር እስኪፈነዳ ይነፋል። ዓለም አቀፉ የጥራት ደረጃ መካከለኛ ስፋት ያለው ኮንዶም ከመፈንዳቱ በፊት ቢያንስ 18 ሊትር አየር እንዲይዝ ይጠይቃል። ወደ አንድ ትልቅ የውኃ ጀሪካን የሚጠጋ ማለት ነው። ስለዚህ “አይችለኝም” የሚለው የወንዶች ፉከራ ሳቅ ቢፈጥር እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

እንዲህም ሆኖ መንገዱ ሁልጊዜ ንጹሕ አልነበረም። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ በጨረታ ከውጭ ተገዝቶ የገባ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ ኮንዶም በጥራት ምርመራ ወድቆ እንዲወገድ መወሰኑ ተዘግቦ ነበር። ወሬው በየታክሲው “ኮንዶም ሁሉ ቀዳዳ ነው” ወደሚል ተለወጠ። እኔ ግን ታሪኩን በተቃራኒው ነው የማነበው፤ መርማሪ ስለነበረ ተያዘ። የሚያስፈራው ያልተመረመረው ነው። ገዢ ከዚህ የሚወስደው ትምህርት ከታወቀ ሱቅ ወይም መድኃኒት ቤት መግዛት፣ አምራቹና የምርት ቁጥሩ ያልታተመበትን መተው ብቻ ነው።

ከፋብሪካው በሰላም የወጣ ኮንዶም የሚጎዳው በመንገድና በመቀመጫ ነው፤ አገራችን ደግሞ ለዚህ ጉዳት አመቺ መልክዓ ምድር አላት። የላቴክስ ዕድሜ የሚሰላው በአማካይ 30 ዲግሪ ሙቀት ታስቦ ሲሆን ከፍተኛው 5 ዓመት ነው። አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን፣ ጎንደር ባለ ቀዝቃዛ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ምንም አይሆንም። ሰመራ፣ ሚሌ፣ መተማ፣ ጋምቤላ ግን ሌላ ነው። በቆርቆሮ ኮንቴይነር ሱቅ ውስጥ፣ በዚያውም ፀሐይ በሚያገኘው የመስኮት መስታወት ላይ ለማሳያ የተደረደረ ኮንዶም፣ ቀኑ ሳይደርስ ሊያረጅ ይችላል። በጅቡቲ መስመር የሚሠራ ሾፌር መኪናውን ቀትር ላይ አቁሞ ምሳ ሲበላ ጋቢናው ከውጪው አየር በብዙ ይበልጥ ይግላል። ዳሽቦርዱ ላይ ወይም ፀሐይ መከላከያው ሥር የተሰካ ኮንዶም ለሳምንታት ያንን ሙቀት ሲጠጣ ይከርማል። ከመቀመጫው ሥር፣ በምግብ ማቀዝቀዣው አጠገብ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቢቀመጥ ይሻላል። የወንዶች የኋላ ኪስ ቦርሳም ጥሩ ቦታ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ይቀመጡበታል፣ ይታጠፋል፣ ይታሻል፣ በሰውነት ሙቀት ይሞቃል። ለአንድ ምሽት መያዝ ሌላ ነገር ነው፤ “ምናልባት” ተብሎ ለወራት የተያዘው ግን ቢጣል ይሻላል።

ማሸጊያው ራሱ ይናገራል። በጣት ጫን ሲሉት ውስጡ ያለው አየር እንደ ትንሽ ትራስ ይመልሳል፤ ካልመለሰ አየሩ ወጥቷል፣ ማለስለሻውም ደርቋል ማለት ነው። ከተከፈተ በኋላ የሚጣበቅ፣ የሚሰነጣጠቅ ወይም ቀለሙ የተለወጠ ከሆነ መጠቀም አይገባም።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ወጥመድ አለ፤ ቀኑ። በማሸጊያው ላይ የሚታተመው የአገልግሎት ማብቂያ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በእኛ 2018 ዓ.ም. የሚኖር ሰው 2024 የሚል ቁጥር ሲያነብ ገና ስድስት ዓመት ቀረው ብሎ ሊደሰት ይችላል፤ ኮንዶሙ ግን ጊዜው ካለፈበት ቆይቷል። ዘዴው ቀላል ነው፦ ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላሉት የፈረንጅ ወራት ከታተመው ዓመት 8 ይቀነሳል፣ ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ዲሴምበር ላሉት ደግሞ 7። ሁለት ቀን ከታተመ አንዱ የተመረተበት፣ ሌላው የሚያበቃበት ነው፤ የሚበልጠው ቁጥር ማብቂያው ነው። ባለሱቁ ሦስት ያለበትን ካርቶን ከፍቶ በፍሬ ቢሸጥም ቀኑ በእያንዳንዷ ማሸጊያ ላይ መኖር አለበት። ዘይት፣ ወተትና የታሸገ ምግብ ሲገዛ ቀን ማየት እየተለመደ መጥቷል። ኮንዶም ላይ ማየት ነውር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም፤ ጨለማ ውስጥ ቆሞ ለሚገዛ ሰው ግን በስልክ መብራትም ቢሆን ማየት ድፍረት እንደሚጠይቅ ይገባኛል።

ምርጫውስ? በእኛ ገበያ ብዙ ልዩነት የለም። በጤና ተቋማት በነጻ የሚታደለውም፣ በሱቅ የሚሸጠው ብዙውም፣ ጠፍጣፋ ሲደረግ ስፋቱ 53 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ይህ ለአብዛኛው ወንድ ይሆናል። የሚጠብቀው ሰው ይቀደድበታል፤ የሚሰፋው ደግሞ ይንሸራተትበታል። ሁለቱም ስህተት “ኮንዶም አይሆነኝም” ተብሎ ይደመደማል። ከ49 እስከ 56 ሚሊሜትርና ከዚያም በላይ ያላቸው ስላሉ በትልልቅ መድኃኒት ቤቶች መጠየቅ ይቻላል። ስፋቱ በማሸጊያው ላይ ይጻፋል፤ “ላርጅ” የሚለው ቃል ከሽያጭ ስልት ሊመጣ ስለሚችል ቁጥሩን ማመን ይሻላል። ስስ የሚባሉት የጥራት ፈተናውን እስካለፉ ድረስ ደካማ አይደሉም። ሽታና ጣዕም፣ ነጠብጣብና መስመር የፍላጎት ጉዳይ ነው፤ ከደኅንነት ጋር አይገናኝም።

ሁለት ነገር ግን ልብ ይባል። አንደኛው ኖኖክሲኖል-9 የተባለ የወንድ ዘር ገዳይ ኬሚካል ነው። ተጨማሪ መከላከያ ተብሎ ለዓመታት በኮንዶም ላይ ሲቀባ ኖሯል፤ ኋላ ደጋግመው ሲጠቀሙት የብልትን ውስጠኛ ቆዳ እያቆሰለ ለኤች.አይ.ቪ በር እንደሚከፍት ታወቀ። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህ ያለበት ኮንዶም እንዳይስፋፋ መክሯል። ሁለተኛው “ለማዘግየት” የሚሸጠው ነው። ውስጡ ማደንዘዣ ስላለው ተገልብጦ ከተደረገ የሚያደነዝዘው ሴቷን ነው፤ የደነዘዘ ሰው ደግሞ መቀደዱን በጊዜ አይሰማም። ከእንስሳ አንጀት የሚሠራው ቫይረስ ስለማያግድ ለእርግዝና ብቻ ነው፤ እዚህ ብዙም አይገኝም፣ ከውጭ የሚልኩ ዘመዶች ግን ሊልኩት ይችላሉ። ላቴክስ የሚያሳክከው ሰው ፖሊዩሬታን ወይም ፖሊአይሶፕሪን የተባሉትን ይጠይቅ።

የሴት ኮንዶም የሚባለው በእኛ አገር ስሙ እንጂ ዕቃው አይታወቅም። ናይትሪል ከተባለ ነገር የሚሠራ ለስላሳ ከረጢት ሲሆን ከግንኙነቱ እስከ 8 ሰዓት ቀደም ብሎ ሊገባ ይችላል። ይህ ለሴት ትልቅ ነገር ነው፤ የሰውየውን ፈቃድ በመጨረሻው ደቂቃ ከመለመን ያድናታል። በተለምዶ አጠቃቀም የማርገዝ ዕድሉ ከወንዱ ኮንዶም ይበልጣል፣ 21 በመቶ ነው፤ ልምምድም ይፈልጋል። ከወንድ ኮንዶም ጋር ደርቦ መጠቀም አይቻልም፤ ሁለቱ ሲፋተጉ ይላቀቃሉ ወይም ይቀደዳሉ። እንዲያውም ሁለት የወንድ ኮንዶም መደረብም የሚያስተማምን ማስረጃ የለውም። “ሁለት አድርጌ ነበር” የሚለው ሰው ጥንቃቄውን አደንቃለሁ፤ አንዱን በትክክል ቢያደርግ ግን ይሻለው ነበር።

በእኛ ቤት ኮንዶምን ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ ቫዝሊን ነው። የሌለበት ቤት የለም። ለእጅም፣ ለከንፈርም፣ ለሕፃንም ስለሚቀባ “ለቆዳ ጥሩ የሆነ ምን ያደርጋል” ይባላል። ላቴክስ ግን ከጎማ ዛፍ ወተት የሚሠራ ነው፤ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይላላል። በቤተ ሙከራ የተደረገ ፍተሻ እንዳሳየው ማዕድን ዘይት ለ60 ሰከንድ ብቻ የነካው ኮንዶም ጥንካሬው በ90 በመቶ አካባቢ ይወርዳል። አንድ ደቂቃ! ዓይን ግን ምንም ለውጥ አያይም። ቅቤ፣ የምግብ ዘይት፣ የሰውነት ሎሽን፣ የሕፃን ዘይት፣ የፀጉር ቅባት ሁሉም በዚሁ ይመደባሉ። ሌላው የማይጠረጠር ደግሞ መድኃኒት ነው። ሴቶች ለፈንገስ ማሳከክ በብልት ውስጥ የሚጠቀሙባቸው አንዳንድ ክሬሞችና የሚገቡ ክኒኖች፣ ክሎትሪማዞልን ጨምሮ፣ ላቴክስን ያደክማሉ። መድኃኒቱን የሚሸጠው ባለሙያ ይህን ሳይጠየቅ ቢናገር መልካም ነው። አብዛኛው ግን አይናገርም፤ ከሴት ደንበኛ ጋር ስለ ኮንዶም ማውራት ለእሱም ያሳፍረዋል።

ማለስለሻ ካስፈለገ፣ ብዙ ጊዜም ያስፈልጋል፣ መነሻው ውኃ ወይም ሲሊኮን የሆነ ከመድኃኒት ቤት ይገዛል። ድርቀት ኮንዶምን ከሚቀድዱት ነገሮች ዋናው ነው፤ ብዙ ባልና ሚስትም ድርቀቱን በጥድፊያ የሚያመጡት ራሳቸው ናቸው። የፊንጢጣ ግንኙነት የሚያደርጉ ሰዎች ያለ ማለስለሻ ኮንዶም መጠቀም የለባቸውም፤ አካባቢው በተፈጥሮው አይረጥብም። ማለስለሻው በኮንዶሙ ውጫዊ ክፍል ላይ ይደረጋል። ውስጡ ከአንድ ጠብታ በላይ ከገባ ይንሸራተታል።

ወደ አጠቃቀሙ ስንመጣ፣ ሰው “ማን የማያውቀው” የሚለው ክፍል ይህ ነው፤ አብዛኛው መቀደድና መውለቅ የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ማሸጊያው በጥርስ፣ በምላጭ ወይም በመቀስ አይከፈትም። ኮንዶሙ በጣት ወደ አንድ ዳር ተገፍቶ ጥርስ ጥርስ ባለው ጠርዝ በኩል በእጅ ይቀደዳል። የሚደረገው ብልቱ ከቆመ በኋላ፣ ማንኛውም ንክኪ ከመጀመሩ በፊት ነው። “መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ አደርገዋለሁ” የሚለው ልማድ ኮንዶም ሳይጠቀሙ እንደማድረግ ነው፤ ከዋናው ፈሳሽ በፊት የሚወጣው ጠብታ በሽታ ያስተላልፋል። ጥቅልሉ ወደ ውጭ መሆኑ መታየት አለበት። ጫፉ በሁለት ጣት ተቆንጥጦ አየሩ ይወጣል፣ ለዘር ፈሳሹም ቦታ ይቀራል፤ ከዚያ እስከ ግርጌው ድረስ ይወርዳል። ተገልብጦ የተደረገ እንደሆነ፣ አልወርድ ብሎ ይታወቃል፣ መልሶ መገልበጥ የለም። ጫፉ ብልቱን ነክቷልና ይጣላል፤ አዲስ ይከፈታል። ለዚህ ነው አንድ ብቻ ይዞ መሄድ የማይመከረው። ያልተገረዘ ሰው ከማድረጉ በፊት የፊት ቆዳውን ወደ ኋላ ይሰበስባል።

መጨረሻው ከመጀመሪያው ይበልጥ ይዘነጋል። ከፈሰሰ በኋላ ወንዱ ብልቱ ሳይረግብ፣ የኮንዶሙን ግርጌ በእጁ ይዞ መውጣት አለበት። ተኝቶ ማውራት፣ ማቀፍ፣ እንቅልፍ፣ ሁሉም ከዚያ በኋላ ነው። ብልቱ ሲረግብ ኮንዶሙ ይሰፋዋል፤ ይፈስሳል ወይም ውስጥ ይቀራል። ለእያንዳንዱ ዙር አዲስ ኮንዶም ነው፤ ታጥቦ የሚመለስ የለም። ያገለገለው ተቋጥሮ፣ በሶፍት ተጠቅልሎ ወደ ቆሻሻ ወይም ወደ ጉድጓድ መፀዳጃ ይጣላል። በውኃ መልቀቂያ ሽንት ቤት ከተጣለ ቱቦ ይዘጋል፤ ሜዳ ላይ ከተጣለ ደግሞ ሕፃናት ፊኛ ነው ብለው ይነፉታል። ከፔንሲዮን በስተጀርባ ባሉ ሰፈሮች የሚኖር ወላጅ ይህን ያውቃል።

መጠጥና ጫት እዚህ ላይ ጥላቸውን ያጠላሉ። ሰክሮ የሚያነጣጥር እጅ የለም። የሚጠጣ ሰው ጠዋት ላይ ያሰበውን ኮንዶም ማታ ላይ የትኛው ኪሱ ውስጥ እንዳስቀመጠ አያገኘውም፤ ካገኘውም አያይም።

እስካሁን ያነሳሁት ሁሉ ግን ሁለቱ ሰዎች ኮንዶም ለመጠቀም ከተስማሙ ነው። ስምምነቱ ራሱ ከባድ ነው። በ2016ቱ ጥናት ባለትዳር ሴቶች ከሚጠቀሙበት የእርግዝና መከላከያ ዋነኛው መርፌ ነበር፣ 23 በመቶ፤ በክንድ የሚቀበረው 8 በመቶ ነበር። ኮንዶም አንድ በመቶ እንኳ አልሞላም። በትዳር ውስጥ ኮንዶም ማንሳት “ሌላ ይዘሃል?” ወይም “ጠርጥረሽኛል?” የሚል ክስ ይመስላል። የሱቁን ሹክሹክታ ያመጣው ያው ሦስተኛው መ እዚህም ይሠራል፤ ኮንዶም የኃጢአት ዕቃ ከሆነ ንጹሕ ትዳር ውስጥ ምን ይሠራል? በፍቅረኞች ዘንድ ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት ይጠቀሙና “አሁን ተማመንን” ተብሎ ይቀራል። መተማመን ግን ምርመራ አይደለም። አብረው ጤና ጣቢያ ሄደው ተመርምረው፣ ከሦስት ወር በኋላ ደግመው ኮንዶሙን ቢተዉት ማንም አይፈርድባቸውም። በምርመራ ፈንታ ፊትን አይቶ መተው ነው አደጋው።

ወጣቶች ዘንድ ሌላ ነገር ተጨምሯል። ፖስት ፒል የተባለው ድንገተኛ መከላከያ ከተስፋፋ ወዲህ ብዙ ሴቶች የሚፈሩት እርግዝናን እንጂ በሽታን እንዳልሆነ ባለ መድኃኒት ቤቶቹ በግልጽ ይናገራሉ። ወንዱም “ነገ እገዛልሻለሁ” ይላል። ክኒኑ ግን ከጨብጥም፣ ከቂጥኝም፣ ከኤች.አይ.ቪም አያድንም፤ እንደ ቋሚ መከላከያ ሲወሰድም የወር አበባን ያዛባል፣ ከመደበኛዎቹም ደካማ ነው።

ንግግሩን የሚጀምረው ማን ነው? ባልተጻፈው ሕግ ወንዱ ነው። ሴት ቦርሳዋ ውስጥ ኮንዶም ከተገኘ ስሟ ይጠፋል፤ ሳትይዝ ከታመመች ደግሞ “አትጠነቀቅም ነበር?” ይባላል። ይህን ፍርድ ያወጡት ወንዶች ብቻ አይደሉም። ከሴት ጓደኞቿ መካከል አንዷ “እኔም ይዣለሁ” ብትላት ግማሹ ይቀልል ነበር። ለሰውየው የሚባለውም ረጅም ንግግር መሆን የለበትም፤ “ያለሱ አይሆንም፣ እኔ ጋ አለ” ከሚል አጭር ነገር በላይ አያስፈልግም። የሚከራከር ሰው ካለ ክርክሩ ልብስ ከመውለቁ በፊት ቢያልቅ ይመረጣል።

ፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በትክክል የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የወረደለት ሰው በግንኙነት አያስተላልፍም። ይህ የተረጋገጠ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥም ብዙ ጥንዶች በዚሁ ጤነኛ ልጅ ወልደዋል። ለእነሱ ኮንዶም የሌሎች አባላዘር በሽታዎችና የእርግዝና ጉዳይ ነው። ከበሽታው በፊት የሚወሰደው መከላከያ ክኒን ፕሬፕም በሴተኛ አዳሪነት ለሚተዳደሩና አንዱ ቫይረሱ ላለበት ጥንዶች እየተሰጠ ይገኛል። ሁለቱም ኮንዶምን የሚያስቀሩ ሳይሆን ሸክሙን የሚያቀሉለት ናቸው።

የአቅርቦቱ ነገር እንደ ድሮው አይደለም። የኤች.አይ.ቪ የውጭ ዕርዳታ ለዓመታት እየቀነሰ መጥቶ በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የአሜሪካ ዕርዳታ መቆሙ የበለጠ አንገዳግዶታል። በነጻ የሚታደለው ሲሳሳ የሚጎዱት መጀመሪያ የሚገዙበት የሌላቸው ናቸው፦ ሴተኛ አዳሪዎች፣ የቀን ሠራተኞች፣ ከካምፕ ካምፕ የሚዞሩ የኮንስትራክሽን ወጣቶች። የተረፈው ክምችት እየተቆጠበ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ደግሞ የማብቂያ ቀን ማየት ከበፊቱ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ተጠንቅቀውም ይቀደዳል፤ ከመቶ ኮንዶም ሁለት ገደማ ይቀደዳል ወይም ይወልቃል። ያኔ የሚጎዳው ድንጋጤውና ሰዓት ማባከኑ ነው። ብልትን ከውጭ በውኃ መታጠብ ይበቃል፤ ውስጥን በሳሙና፣ በሎሚ ወይም በመድኃኒት መታጠብ ቆዳውን አቁስሎ ነገሩን ያብሳል። ለእርግዝና፣ ድንገተኛው ክኒን በቶሎ በተወሰደ ቁጥር የበለጠ ይሠራል፤ እስከ 72 ሰዓት ዋናው ጊዜ ሲሆን እስከ አምስተኛው ቀንም ኃይሉ እየቀነሰ ይሄዳል። በአምስት ቀን ውስጥ የሚገባ ሉፕ ከክኒኑ ይበልጣል፣ ከዚያም ለዓመታት ያገለግላል። የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲን ወይም ኢፋቪሬንዝ የሚባለውን ፀረ ኤች.አይ.ቪ የምትወስድ ሴት የክኒኑ ኃይል ስለሚቀንስባት ለባለሙያው መናገር አለባት። ለኤች.አይ.ቪ ደግሞ የሌላው ሰው ሁኔታ ካልታወቀ ወይም ቫይረሱ እንዳለበት ከታወቀ፣ ወደ ሆስፒታል ወይም የፀረ ኤች.አይ.ቪ ሕክምና ወደሚሰጥ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ከተጋለጡ በኋላ የሚጀመረው መከላከያ ከ72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቢጀመር ይመረጣል፤ ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ተገዳ የተደፈረች ሴት ፖሊስ ጋ ከመሄዷ በፊትም ይህን ሕክምና ማግኘት ትችላለች። ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቀው ድርጊቱ የተፈጸመበትን ቀንና ሰዓት ስለሆነ ጽፎ መያዝ ይጠቅማል። የእርግዝና ምርመራ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይደረጋል። የኤች.አይ.ቪ የመጀመሪያው ምርመራ በዚያው ቀን፣ መልሱን የሚያረጋግጠው ደግሞ በሦስተኛው ወር ነው። የቂጥኝና የጉበት ቫይረስ ቢ ምርመራም አብሮ ይጠየቃል፤ ካልጠየቁ ላይሰጥ ይችላል።